የምንጩ መርዶ

አባቴ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነበረው። ሰማንያን የተሻገረ፣ ጉልበቱ አልታዘዝ ያለው ጡረተኛ ምን ሥራ አለው ትሉ ይሆናል። ሰንበት ሳይገባ ገላውን ይታጠባል፣ ነጭ ሸሚዙን ይለብሳል፣ እዚህ እስራኤል፣ ግቫት ጺዮን በሚባለው ሰፈር ባለው አሮጌ ቤቱ መስኮት ሥር ይቀመጥና ስልኩን ጭኑ ላይ ያኖራል። ያን ጊዜ እሱን ማናገር ክልክል ነው። ወለሉን እየጠረግሁ "እግርህን አንሣ አባባ" ስለው እንኳ በጣቱ ዝም በይ ይለኛል። ስልኩ ሲጮኽ ጉሮሮውን ጠርጎ ያነሣል። ከዚያ በኋላ ጎንደር ገጠር ላለች አንዲት ቀጭን ምንጭ ዳኛ ነው።

አባቴ በአገር ቤት የውሃ አባት ነበር። ለማያውቅ ልንገር፤ የምንጭ ውሃ በቦይ ወርዶ ማሳ በሚያጠጣበት አገር፣ ተራ የሚያወጣ ሰው ይመረጣል። ቦዩን የሚከፍተውም የሚዘጋውም፣ ሲጣሉ የሚያስታርቀውም እሱ ነው። የእኛ ምንጭ ከላይኛው መንደር አናት ትነሣና ላይኞቹን አጠጥታ ወደ ታችኞቹ ትወርድ ነበር። ሁለቱም የክርስቲያን መንደሮች ናቸው። እኛ ቤተ እስራኤሎቹ ከሁለቱም ተለይተን ወንዙ ዳር ነበርን። የሌላ ሰው እጅ ከነካን ታጥበን ነው ቤት የምንገባው፤ ስለዚህ ከውሃ አንርቅም፣ ስማችንንም "አትንኩኝ" ብለውታል።

አባቴ ባለ እጅ ነበር፤ ማጭድና ማረሻ ይቀጠቅጣል። መሬት አልነበረውም። ሁለቱ መንደሮች ደግሞ አይተማመኑም፤ ማን ቢመረጥ ለወንድሙ ያዳላል። "መሬት የሌለው ሰው ለማን ብሎ ያዳላል?" ተባባሉና እሱን መረጡት። አብሯቸው ማዕድ የማይቆርሰውን፣ ማታ ጅብ ይሆናል እያሉ የሚያሙትን ሰው! ልጆቻቸውን በዓይኑ እንዳይበላቸው እየሸሸጉ ውሃቸውን ግን አስረከቡት። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። እሱ ግን ይስቃል። "ስለፈሩኝም አይደል የታዘዙኝ" ይላል።

ሰዓት አልነበረውም። ቦዩ ለሁለት ከሚከፈልበት ቦታ ትልቅ ዋርካ ነበር፤ ከዋርካው ራቅ ብሎ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ። ጠዋት ውሃው የላይኞቹ ነው። የዋርካው ጥላ ዞሮ ድንጋዩን ሲነካ ይዘጋና ለታችኞቹ ይለቀቃል። ፀሐይ ከጠለቀች ማንም አይነካውም፤ የሌሊት ውሃ የወንዙ ነው። በድርቅ ዓመት እንኳ ይቺን ሕግ አልሻራትም። "ወንዙም ይጠማዋል" ይል ነበር።

አገር ስንለቅ እኔ ልጅ ነበርኩ። ከታችኛው መንደር አንድ አዲስ ባለ ትዳር ነበር፤ ቦዩን ከአባቴ ጋር ሲጠርግ፣ የቦዩን መዝጊያ ድንጋይ ሲያነሣ ሲያስቀምጥ የኖረ ሰው። አባቴ አደራውን ለእሱ ሰጠ። እስከ ወንዙ ማዶ ሸኘን፤ መለያያው ላይ ሲደርስ አባቴን አንገቱን አቅፎ አለቀሰ። እናቴ ወንዙን እያየች ቆመች፤ ይታጠባል ብላ መጠበቋ ነው። አባቴ ያን ቀን ሳይታጠብ መንገዱን ቀጠለ። ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን እዚህ።

እዚህ ዕድሜውን ፋብሪካ ውስጥ ካርቶን ሲያሽግ ኖረ። ምን ነበርክ ብሎ የጠየቀው የለም። እናቴ ሞተች። የልጅ ልጆቹ በአማርኛ ሲጠይቃቸው በዕብራይስጥ ይመልሱለታል፤ እሱም ራሱን እየነቀነቀ የገባው ይመስላል። እኔ የሰው ሽማግሌዎች ስጦር ውዬ ዓርብ ዓርብ የራሴን ሽማግሌ ልጠይቅ እመጣለሁ፤ ደክሞኝ ስለምመጣ አፌ ይፈጥናል፣ እሱም ይችለኛል።

ስልክ ገጠሩን ሲያዳርስ፣ ያ የታችኛው መንደር ሰው ወደዚህ ለመምጣት ጎንደር ከተማ ወረፋ ከሚጠብቁ ዘመዶቻችን ቁጥሩን አግኝቶ ደወለ። ለሰላምታ አልነበረም። ላይኞቹ ሽንኩርት መትከል ጀምረዋል፤ የውሃ ሞተር ገዝተው ቀንና ሌሊት ይስባሉ፤ ወደ ታች የሚወርደው እያነሰ ነው። ቀበሌ ሄዱ፣ ፍርድ ቤት ሄዱ፣ ዱላም ተማዘዙ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ "የድሮው የውሃ አባት በሕይወት አለ አሉ፤ እሱ ይፍረደን" አለ። ላይኞቹም እሺ አሉ።

ያን ቀን እኔም ነበርኩ፣ መጥረጊያዬን ይዤ። ሁለቱ መንደሮች ቦዩ ከሚከፈልበት ቦታ ተሰብስበዋል፤ አባቴ ስልካቸውን መሬት ላይ፣ ከመካከላቸው እንዲያኖሩት አዘዘ። የላይኞቹ ሽማግሌ ተናገረ፣ ቀጥሎ የታችኞቹ ሰው ተናገረ። አባቴ ማንንም አላቋረጠም። ሲጨርሱ "ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ" ብሎ ጀመረ።

"ሞተራችሁን አልከለክልም፤ ጠዋት ይሥራ። የዋርካው ጥላ ድንጋዩን ሲነካ ይጥፋ። ከዚያ ወዲያ የታችኞቹ ነው። ሌሊት ማንም አይንካው፤ የወንዙ ነው።"

ከወዲያ በኩል ጸጥታ ሆነ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ልቀበለው ስል፣ ያ ሰው በቀስታ "እሺ ጋሼ" አለ። የላይኞቹም ሽማግሌ "እሺ፣ እንዳሉት ይሁን" አለ። ሌሎችም ተከተሉ። አባቴ ስልኩን ሲያስቀምጥ ጀርባው ቀና ብሎ ነበር። ቤት ያፈራውን አቀረብኩለት፣ ሳያጉረመርም በላ። አልደብቅም፣ እኔም ኮራሁ።

ከዚያ ወዲህ ያ ሰው ዓርብ ዓርብ ይደውላል።

"እንደምን ከረሙ ጋሼ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ውሃው ደረሰ?"

"ደርሶናል። ትናንት በቆሎውን አጠጣን። ላይኞቹም ቃላቸውን ይጠብቃሉ።"

"ሌሊትስ?"

"ሌሊት የወንዙ ነው ጋሼ።"

ይኸው ነው። አባቴ ለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ይጠብቃል። አንድ ቀን ተናድጄ "አንተ እዚህ፣ ውሃው እዚያ፤ ምን አስጨነቀህ?" ብለው፣ "ያ ሰው ከመሬቱ እንዳይነቀል ነው። አደራ ሰጥቼው መጣሁ። እሱ ከተነቀለ እኔ ምን ዳኘሁ?" አለኝ። 

አባቴም የሚዋሽበት ጊዜ ነበር። በዚያ በክፉው ጊዜ፣ ሮኬት በሚዘንብብን ሰሞን፣ እያወሩ ሳሉ አዝዓካው፣ የሮኬት ማስጠንቀቂያው፣ ጮኸ። የአባቴ ቤት አሮጌ ነው፣ ማማድ የሚሉት መሸሸጊያ ክፍል የለውም፤ ሚክላቱ፣ የጋራው መሸሸጊያ፣ ከሕንፃው ጀርባ ነው። እኔ በብብቱ ይዤ ወደ ደረጃው ሥር ስጎትተው እሱ ስልኩን አልዘጋም።

"ምንድን ነው የሚጮኸው ጋሼ?"

"የፋብሪካ ነው። ሠራተኛ ሲለቀቅ ይጮኻል" አለ አባቴ፣ ደረጃው ሥር ቁጢጥ ብሎ። "በቆሎው ደረሰ?"

ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። "ደርሷል ጋሼ" አለ ያ ሰው። እኔ በዚያ ሁሉ ፍርሃት ውስጥ ሣቄ መጣ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከወዲያ በኩል የባጃጅ ጥሩምባ፣ የወያላ ጩኸት ይሰማል። አባቴ ደስ ብሎት "መንገድ ገባላችሁ እንዴ?" ይላል። "ገባ ጋሼ፣ ገባ" ይለዋል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እውነት ነው።

ጉልበቱ ደህና ባለባቸው ቀናት ከሰፈሩ በማይርቀው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ባሕሩን ከሚያሳየው አግዳሚ ላይ አስቀምጠዋለሁ። የባሕሩን ውሃ ከጨው ለይተው ወደ ቧንቧችን እንደሚልኩት ከነገርኩት ጀምሮ ባሕሩን የሚያየው በዳኛ ዓይን ነው።

"የዚህ ውሃ አባቱ ማን ነው?" አለኝ አንድ ቀን።

"አባት የለውም፣ አባባ። ሜትር አለው። የተጠቀምከውን ይቆጥራል።"

"ሜትር ያፍራል?"

"ሜትር ምን ያሳፍረዋል?"

"የማያፍር ነገር ውሃ አያካፍልም" አለ። ቆይቶ፣ ፊቱን ወደ ደቡብ፣ ዳርቻው በጭጋግ ወደሚጠፋበት አዙሮ፣ "ታችኞቹ እነማን ናቸው?" አለኝ።  በዚያ በኩል፣ ሮኬቱ ከሚነሣበት ከድንበሩ ማዶ፣ ማን እንዳለ፣ ውሃቸው ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን፤ አውቀንም አናወራውም። "ተነሣ፣ ነፋሱ በርትቷል" ብዬ ጋቢውን አለበስኩት።

በኋላ፣ የአገር ቤቱ መንገድ ከግጭት ፋታ ባገኘበት ሰሞን፣ ከእኛው ሰዎች አንዱ አገሩን ሊያይ ወደ ጎንደር ሄዶ ተመለሰ። የመጣው ግን አባቴ ዘንድ ሳይሆን አጋሚም በሚባለው ሰፈር እኔ ቤት ነው። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ውሃ ጠየቀኝ፣ ጠጣ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ የቀረጸውን አሳየኝ።

መጀመሪያ ምን እንደማይ አልገባኝም። የተሰነጠቀ ጭቃ፣ በውስጡ የፕላስቲክ ጠርሙስ። "ምንጯ ናት" አለኝ። ቀጥሎ አንድ ጉቶ። "ይኼስ?" ስለው፣ "ዋርካው" አለ። አንዱ ሞተር ሌላ ሞተር ወልዶ ነበር፤ ላይኞቹ እርስ በርሳቸው ተሻሙ፣ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ በዙሪያው ባሕር ዛፍ ተከሉ። ምንጯ መጀመሪያ ሳሳች፣ ከዚያ በበጋ ጠፋች፣ ከዚያ በክረምትም አልመለስ አለች። ታችኛው መንደር ተበትኗል። ቤቶቹ ቆርቆሯቸው ተነቅሎ አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል።

"ያ ሰውስ? በየሳምንቱ ይደውል የለም እንዴ?"

"ጎንደር ከተማ ነው። የሚሠራ ሕንፃ ይጠብቃል፣ ዘበኛ ሆኗል። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣላቸው፤ ጀሪካኑን ይዞ ተሰልፎ ነው ያገኘሁት።"

"ዋርካው መቼ ተቆረጠ?"

"እሱማ ቆየ። አባትሽ በስልክ ሳይፈርዱላቸው በፊት ነው።"

ያ ጸጥታ ትዝ አለኝ። ጥላው ድንጋዩን ሲነካ ሲላቸው ጉቶውን ከበው ነበር የቆሙት። የሌለ ዛፍ ጥላ ጠብቁ ተባሉና እሺ አሉ።

"ታዲያ አንድ ሰው እንኳ እንዴት አይነግረውም?" ብዬ ጮኽኩበት፣ ጥፋቱ የእሱ ይመስል።

"መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ?" አለኝ።

 እውነቱን ነው። እኛስ የአጎቴን ሞት ለአባቴ ስንት ጊዜ ሸሽገን ኖርን? መርዶ ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌ ይዘው፣ በር አንኳኩተው፣ ተቀምጠው ነው የሚነግሩት። ሰውን ለብቻው፣ ደጋፊ ሳይኖረው፣ በስልክ ማርዳት ነውር ነው። ከዚያ አገር ተነሥቶ ግቫት ጺዮን ድረስ የሚያረዳ ስላልተገኘ ምንጯ ሞታ ሳትቀበር ቆየች። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይላሉ፤ አባቴ የሚወቀጥ ውሃ እንኳ አልነበረውም።

ለልጄ ነገርኳት። ቧንቧውን ከፍታ ፖም ታጥባለች። "ኢማ፣ ዜ ራክ ማይም" አለችኝ፤ እማዬ፣ ውሃ ብቻ እኮ ነው ማለቷ ነው። ቧንቧውን ዘጋሁባትና ወደ ክፍሌ ገባሁ፤ አለቀስኩ። በእሷ አልፈርድም። ከተወለደች ጀምሮ ሰው በውሃ ተጣልቶ አያውቅም በፊቷ።

አንድ ሐሙስ፣ ገና ሳይነጋ፣ የማኅበረሰባችንን ቄስና ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ አንኳኳሁ። አባቴ በሩን ከፍቶ ሲያየን ቀለሙ ጠፋ። የወንድሞቼን ስም አንድ በአንድ ጠራ፤ እኔ "ደህና ነው፣ ደህና ነው" አልኩ። የልጄን ስም ሲጠራ ድምፁ ተሰበረ።

"ሁሉም ደህና ናቸው፤ ይቀመጡ" አሉ ቄሱ። "ሰው አይደለም። ምንጭዎ ናት።"

አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ቄሱ ሁሉንም ነገሩት፤ ዋርካውን፣ ሞተሩን፣ ጉድጓዱን። በሕይወቴ ብዙ መርዶ አይቻለሁ። የምንጭ መርዶ ሲነገር ያየሁት ያኔ ብቻ ነው፤ የሚስቅ ግን አልነበረም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ይጠርግ ነበር።

"ታችኞቹስ?" አለ አባቴ።

"ተበትነዋል።"

"እሱስ?"

ጎንደር መሆኑን፣ ዘበኛ መሆኑን ነገርኩት።

"ታዲያ ዓርብ ዓርብ ደርሶናል የሚለኝ..." ብሎ ጀመረና ተወው። ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለ። ወለሉ ላይ ወርዶ ተቀመጠ፣ እኛም አብረነው ተቀመጥን፤ ነጋ።

በማግስቱ ዓርብ ነው። እንደ ወትሮው ታጠበ፣ ነጭ ሸሚዙን ለበሰ። "ዛሬ አታንሣው" ብለው በጣቱ ዝም አሰኘኝ። ስልኩ ጮኸ።

"እንደምን ከረሙ ጋሼ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ውሃው ደረሰ?"

"ደርሶናል ጋሼ። ዛሬ ተራችን ነበር።" ከበስተኋላው ባጃጅ ጥሩምባውን ነፋ።

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ይቆጣል ብዬ ፈራሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ሁለቱም ሽማግሌዎች ናቸው፣ እንደ ልጅ ሊጋለጡ ነው።

"አደራዬን ጠብቀሃል" አለ አባቴ በለሰለሰ ድምፅ። "ከዛሬ ወዲያ ግን ስለ ውሃው ብለህ አትደውልልኝ፤ ስለ ራስህ ደውልልኝ።"

 ከወዲያ በኩል ባጃጁ የራቀ መሰለኝ። ያ ሰው "እሺ ጋሼ" አለና ዘጋ። ለእኔ ከዚህ የተሻለ ቃል አልነበረም፤ ሳያዋርደው እውነቱን ነገረው፣ ሸክሙንም አወረደለት። ግንባሩን ሳምኩት።

በሚቀጥለው ዓርብ አልተደወለም። በዚያ በሚቀጥለውም አልተደወለም። አባቴ ይታጠባል፣ ይለብሳል፣ ይቀመጣል። እኔ ለመደወል ሞከርኩ፤ አንዲት ሴት በተቀዳ ድምፅ ሰውየውን ማግኘት እንደማይቻል ትነግረኛለች። ያ ወደ ጎንደር የሄደው ሰውም ዘመዶቹን አስጠየቀልኝ። ሕንፃው አልቆ ዘበኞቹን አሰናብተዋቸዋል፤ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ የለም።

አንድ ዓርብ፣ ሰንበት ሊገባ ሲል፣ ስልኩን ከጭኑ ላይ አንሥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና ላጽናናው ፈለግሁ። "ደግ አደረግህ አባባ። እውነቱን ነው የነገርከው" አልኩት።

"እውነቱንማ ነው" አለኝ፣ መስኮቱን እያየ። "ግን ልጄ፣ ስለ ራሱ ምን ብሎ ይደውል? ዘበኛ ነኝ፣ ተሰልፌ ዋልኩ ይበለኝ? ምንጯ ደርቃም ቢሆን ዓርብ ዓርብ ለሁለታችን ትንሽ ትወርድልን ነበር። እሷንም እኔ ዘጋኋት።"